የሙያ ቃል በፈተና አዳራሽ፦ የሂንዲ የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ስያሜዎች ሲመረመሩ

የአንድ ሙያዊ ቃል ዋጋ የሚለየው የት ነው? ቃላት አዘጋጆች ተሰብስበው በሚመክሩበት ጠረጴዛ ነው የሚሉ አሉ፤ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ነው የሚሉም አሉ። በእኛ አስተያየት ግን ቃሉ በእርግጥ የሚመዘነው ጊዜ ያጠረውና ስሕተቱ የሚያስቀጣው ሰው በወረቀት ላይ ሲያገኘው ነው። አዘጋጁ ስለ ቃሉ ሥር፣ ስለ ርባታውና ስለ ውበቱ ለመከራከር ጊዜ አለው። ተማሪው ግን ቃሉን አይቶ ነገሩን ወዲያው ማወቅ ይኖርበታል። ካላወቀው ወይም ከሌላው ጋር ካምታታው፣ ኪሳራው የአዘጋጁ ሳይሆን የእርሱ ይሆናል።

ይህን አስተያየታችንን ለማስረዳት ከሀገራችን ውጭ የሆነ ምሳሌ መርጠናል። ይኸውም የሕንድ ወጣቶች ወደ ምሕንድስና ተቋማት ለመግባት የሚወስዱት የጋራ መግቢያ ፈተና፣ በተለይም ለዚሁ ፈተና በሂንዲ ቋንቋ የሚያጠኑት የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ትምህርት ነው። ሕንድ የሳይንስን ቃላት በሀገር ቋንቋ የማዘጋጀቱን ተግባር በመንግሥት ደረጃ ከያዘች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል። ከዚህ ሥራ ያገኘችው ትርፍና የደረሰባት ኪሳራ፣ ተመሳሳይ ሥራ ለያዝን ለእኛ ትምህርት ይሆናል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

1. ፈተናውና ትምህርቱ

በሕንድ ዋናው የምሕንድስና የጋራ መግቢያ ፈተና ከ2019 ጀምሮ የሚካሄደው በብሔራዊው የፈተና ድርጅት አማካይነት ነው። በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ይቀመጡለታል። ከ2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው አወቃቀር መሠረት ጥያቄዎቹ 75 ሲሆኑ፣ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለሒሳብ 25፣ 25 ይደርሳቸዋል፤ የተመደበውም ጊዜ 3 ሰዓት ነው። ለትክክለኛ መልስ 4 ነጥብ ይሰጣል፤ ለተሳሳተ መልስ 1 ነጥብ ይቀነሳል። እንግዲህ በአንድ ቃል የተነሣ መልሱን በሳተ ተማሪና ቃሉን ተረድቶ በመለሰ ተማሪ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት 5 ነጥብ መሆኑ ነው። ከፍተኛ ውጤት ያገኙት ወደ ሁለተኛው ደረጃ ፈተና ያልፋሉ፤ የመጀመሪያው በ1951 በካራግፑር ወደ ተከፈተውና በኋላም ወደ ተበራከቱት የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋማት የሚገባው በዚህ በሁለተኛው ፈተና ነው።

የፈተናው ቋንቋ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የእኛን ትኩረት ይስባል። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና ከ2021 ጀምሮ እንግሊዝኛን ጨምሮ በ13 ቋንቋዎች ይሰጣል፤ ሁለተኛው ግን በእንግሊዝኛና በሂንዲ ብቻ ነው። ከሀገሩ ቋንቋዎች መካከል ተማሪውን ከመጀመሪያው በር እስከ መጨረሻው የሚያደርሰው ሂንዲ ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ምርመራችን በዚሁ ቋንቋ ላይ ተወስኗል።

ከኬሚስትሪ ክፍሎች ሁሉ ኢንኦርጋኒክን ለይተን የወሰድንበት ምክንያት አለ። ፊዚካል ኬሚስትሪን ተማሪው በአብዛኛው በስሌት ይወጣዋል፤ ቁጥሩ ራሱ መንገድ ያሳየዋል። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን የአጸግብሮቱን አካሄድ ደረጃ በደረጃ በመከተል ሊደርስበት ይችላል። ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ግን በስምና በጠባይ የተሞላ ነው፦ የትኛው ውሕድ ምን ቀለም አለው፣ የትኛው ንጥረ ነገር ከየትኛው ጋር ምን ያስገኛል፣ የትኛው ከጎረቤቶቹ ጠባይ ያፈነግጣል የሚሉት ነገሮች በብዛት በቃል የሚያዙ ናቸው። ተማሪዎቹም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የመንግሥት መማሪያ መጻሕፍትን በዚህ ክፍል ረገድ መስመር ሳያልፉ እንዲያነቡ ዘወትር ይመከራሉ። የንባቡ ቃል የጥያቄው ቃል ሆኖ ሊመጣ ይችላልና። ስለዚህ ስያሜ ከሁሉ ይበልጥ ሸክም የሚሸከመው በዚህ ክፍል ነው።

2. ስያሜዎቹ የመጡበት መንገድ

በ1950 የጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 351፣ ሂንዲ ቃላትን በቅድሚያ ከሳንስክሪት፣ ቀጥሎም ከሌሎች ቋንቋዎች እየወሰደ እንዲበለጽግ ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ለሁለት የተለያዩ አካሄዶች በር ከፍቷል።

የመጀመሪያው አካሄድ ስሙ ከራግሁ ቪራ ጋር የተያያዘ ነው። እኒህ ሊቅ ለሳይንስ ቃል ሁሉ ከሳንስክሪት ሥር አቻ መፍጠር ይገባል ብለው በጽኑ ያምኑ ስለ ነበር፣ የንጥረ ነገሮችን ስም እንኳ አልተዉም። ኦክስጅንን «ጃራክ»፣ ሃይድሮጅንን «ኡድጃን»፣ ካርቦንን «ፕራንጋር» አሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም «ፕራንጋር ድቪጃሬያ» ሆነ። ድካሙ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የንጥረ ነገር ስም የአንድ ቋንቋ ብቻ ንብረት አይደለም። ከምልክቱ፣ ከቀመሩና ከዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ ጋር በገመድ የታሰረ ነው፤ ገመዱን የቆረጠ ሰው ተማሪውን በሠንጠረዡ ፊት ብቻውን ይተወዋል።

ሁለተኛው አካሄድ በ1961 የተቋቋመውና በመጀመሪያ በዳውላት ሲንግ ኮታሪ ሊቀ መንበርነት የተመራው የሳይንሳዊና ቴክኒካዊ ቃላት ኮሚሽን የተከተለው ነው። ኮሚሽኑ ባወጣቸው መመሪያዎች መሠረት የንጥረ ነገሮችና የውሕዶች ስሞች፣ እንዲሁም የመለኪያ አሐዶች በዓለም አቀፍ መልካቸው በሂንዲ ፊደል ይጻፋሉ፤ ጽንሰ ሐሳብን የሚገልጹት ቃላት ግን ይተረጐማሉ። ይህ ክፍፍል በእኛ ግምት የኮሚሽኑ ታላቅ ውሳኔ ነው። በ2016 አራት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ስም ወጥቶላቸው ሠንጠረዡ እስከ 118ኛው ሲሞላ፣ የሂንዲው መጽሐፍ አራት አዳዲስ የሳንስክሪት ቃላት ለመፍጠር መጨነቅ አላስፈለገውም።

3. የሚመሰገነው

የሂንዲን የኬሚስትሪ ቃላት የሚነቅፉ ብዙ ሰዎች ነቀፋቸውን የሚያሳርፉት በርዝመታቸውና በሳንስክሪትነታቸው ላይ ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። ርዝመት ብቻውን ጉድለት አይደለም፤ ቃሉ ረዝሞ የሚያስተምር ከሆነ ርዝመቱ ዋጋውን ይከፍላል።

ለምሳሌ «ሳንዮጃን» ማለት መጣመር ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «ሳንዮጃክታ» የተባለው የንጥረ ነገርን የመጣመር አቅም፣ ማለት ቫለንሲን፣ ይገልጻል። «ሳህ» የሚለው አብሮነትን የሚያመለክት ቅድመ ቅጥያ ሲታከልበት «ሳህሳንዮጃክ» ይሆናል፤ አቶሞች ኤሌክትሮን ተጋርተው የሚፈጥሩትን ኮቫለንት ትስስር ያሳያል። እንደገና «ኡፓ» ሲጨመርበት «ኡፓሳህሳንዮጃን» ይገኛል፤ ይህም ኮኦርዲኔሽን የምንለው ነው። እዚህ ላይ ሂንዲ ከእንግሊዝኛ የተሻለ ሥራ ሠርቷል። የኮኦርዲኔት ትስስር ሁለቱም ኤሌክትሮኖች ከአንድ ወገን የመጡበት የኮቫለንት ትስስር ዓይነት መሆኑን የእንግሊዝኛው ስም አይናገርም፤ የሂንዲው ግን ዝምድናውን በቃሉ አካል ላይ አትሞታል። ተማሪው ሦስቱን ቃላት በተከታታይ ካነበበ የትምህርቱን አጥንት አነበበ ማለት ነው።

ሌላው ምስጉን ስያሜ የጨው ነው። ሂንዲ ለወጥ የሚጨመረውን ጨው ከፋርስኛ በተወረሰ ቃል «ናማክ» ይለዋል፤ አሲድና ቤዝ ተገናኝተው የሚያስገኙትን የውሕድ ወገን ግን በሳንስክሪቱ ቃል «ላቫን» ይለዋል። በዚህም የማእድ ቤቱና የቤተ ሙከራው ቃል ተለያይተዋል። ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት «ላቫን» ነው ሲባል የሚደነግጥ ልጅ የለም፤ ይቀመስ ይሆን ብሎ የሚጠራጠርም የለም።

4. የሚነቀፈው

ከምስጋናው ቀጥሎ ዋናውን ነቀፋችንን እናቀርባለን። በኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ውስጥ በየገጹ የሚመላለሱት ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ኦክሲዴሽንና ሪዳክሽን ናቸው። ንጥረ ነገር ኤሌክትሮን ሲለቅ ኦክሲዴሽን፣ ሲቀበል ሪዳክሽን ይባላል። ሂንዲ የመጀመሪያውን «ኡፓቻያን»፣ ሁለተኛውን «አፓቻያን» ብሎታል።

በሳንስክሪት «ኡፓቻያ» መከማቸትና መጨመር፣ «አፓቻያ» ደግሞ መቀነስና መጉደል ነው። አዘጋጆቹ የተመለከቱት የኦክሲዴሽንን ቁጥር መሆኑ ግልጽ ነው፤ ቁጥሩ በመጀመሪያው ይጨምራል፣ በሁለተኛው ይቀንሳል። ነገር ግን ተማሪው ነገሩን የሚማረው በኤሌክትሮን በኩልም ነው። ስለዚህ ኤሌክትሮን የጎደለበት «ጨመረ»፣ ኤሌክትሮን የተጨመረለት «ቀነሰ» መባሉን አጥብቆ መያዝ ይኖርበታል። ይህ ችግር ከእንግሊዝኛው «ሪዳክሽን» የተወረሰ ስለ ሆነ በሂንዲ አዘጋጆች ላይ ብቻ አንጭነውም። የእነርሱ የሆነው ጥፋት ሌላ ነው፦ ሁለቱን ተቃራኒዎች በአንዲት አናባቢ ብቻ ለይተው መተዋቸው።

ቀጥሎ ያለውን እንመልከት። በአሲድ ውስጥ የፖታሲየም ፐርማንጋኔት ወይን ጠጅ ቀለም ሲጠፋ፣ ማንጋኒዝ ከ+7 ወደ +2 ይወርዳል፤ 5 ኤሌክትሮኖች ተቀብሏል ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የተገናኘው ብረት ደግሞ ከ+2 ወደ +3 ይወጣል። በሂንዲ ሲነገር ፐርማንጋኔቱ «ኡፓቻያክ» ነው፤ ይህም ሌላውን ኦክሲዳይዝ የሚያደርግ ማለት ነው፤ እርሱ ራሱ ግን የሚያልፍበት ለውጥ «አፓቻያን» ነው። ብረቱ «አፓቻያክ» ሲሆን የሚያልፍበት «ኡፓቻያን» ነው። አራቱን ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያገኘ ተማሪ ኬሚስትሪውን እያወቀ በንባቡ ሊሳሳት ይችላል። ሰዓቱ እየሮጠ ዐይኑ በአንዲት የፊደል ምልክት ላይ ከተንሸራተተ፣ ቀደም ሲል ያልነው የ5 ነጥብ ልዩነት ይመጣል።

ነገሩ ሁለቱ ቃላት ሲጋጠሙ ይብሳል። ሁለቱን ለውጦች በአንድነት የሚጠራው ስም «አፓቻዮፓቻያ» ነው፤ በ11ኛ ክፍል መጽሐፍ የምዕራፍ ርእስ ሆኖ ይገኛል። በሳንስክሪት የድምፅ ሕግ መሠረት የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ «አ» ከሁለተኛው መጀመሪያ «ኡ» ጋር ሲገናኝ «ኦ» ይሆናል። እንግዲህ ሁለቱን ተቃራኒዎች የምትለየው ብቸኛ ድምፅ በዚሁ ግጥሚያ ጠፋች። ሕጉ በሥርዓቱ ተሠርቶበታል፤ ሰዋስወኛውም ይደሰታል። ተማሪው ግን ከዚህ ስም ውስጥ ኦክሲዴሽንን የሚያመለክተውን ክፍል ነቅሶ ለማውጣት ሳንስክሪት መማር ሊኖርበት ነው።

ይህም ሆኖ መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። በዚያው በሂንዲ «ኦክሲካራን» የሚል፣ የኦክስጅንን ስም ይዞ በሀገሩ ቅጥያ የተሠራ ቃል አለ። ከ«አፓቻያን» ጋር ሲቆም ማንም አያምታታውም። ሆኖም ቃሉ «ኡፓቻያን»ን አልተካም፤ ጎን ለጎን ቆመ። ተማሪው አንዱን በአንድ ምዕራፍ፣ ሌላውን በሌላ ምዕራፍ ያገኛል። ለአንድ ነገር ሁለት ቃል ማኖር በሥነ ጽሑፍ ሀብት ነው፤ በሙያ ቃል ግን ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ነቀፋችን የትምህርቱን ስም ራሱን ይመለከታል። ሂንዲ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን «ካርባኒክ ራሳያን»፣ ኢንኦርጋኒክን «አካርባኒክ ራሳያን» ይለዋል፤ ካርቦናዊና ካርቦናዊ ያልሆነ እንደ ማለት ነው። ለጊዜው ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና መርሐ ትምህርት በኢንኦርጋኒክ ክፍል ውስጥ ከ13ኛው እስከ 18ኛው ምድብ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ያካትታል፤ የ14ኛው ምድብ መሪ ደግሞ ካርቦን ራሱ ነው። በኮኦርዲኔሽን ምዕራፍም ኒኬል ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር የሚሠራው ውሕድ ይጠናል። እንግዲህ «ካርቦን የሌለበት» የተባለው ቤት በር ላይ ካርቦን ቆሞ ይገኛል። የእንግሊዝኛው ስም የዘመኑን ትርጕም በትክክል ባይገልጽም ቢያንስ አይዋሽም፤ የሂንዲው ግን ግልጽ ለመሆን ሲል ሐሰት ተናገረ።

5. የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቃላቱ አሠራር ነበር። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ስለ ቃላቱ ሥልጣን ነው።

በፈተናው ደንብ መሠረት የአንድ ጥያቄ ትርጕም አሻሚ ሆኖ ቢገኝ የሚጸናው የእንግሊዝኛው ንባብ ነው። የደንቡን ምክንያት እንረዳለን፤ በ13 ቋንቋዎች ለሚቀርብ ፈተና አንድ መነሻ ያስፈልገዋል። ሆኖም ደንቡ ስለ ሂንዲው ቃል ለተማሪው የሚነግረው ነገር አለ፦ ያጠናኸው ቃል እስካልተከራከሩበት ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግልህ ይለዋል። መምህራኑም ይህንን ቀድመው ያወቁት ይመስላል። እንደ ኮታ ባሉ የፈተና ማዘጋጃ ከተሞች ትምህርቱ በሂንዲ ሲሰጥ የቃላቱ ግማሽ እንግሊዝኛ ነው፤ መምህሩ ዓረፍተ ነገሩን በሂንዲ ጀምሮ በሂንዲ ይጨርሰዋል፣ በመካከሉ ግን «ኦክሲዴሽን» ይላል እንጂ «ኡፓቻያን» አይልም።

እንግዲህ ያ ተማሪ ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ ሦስት ስም ይሸከማል፦ በመጽሐፉ «ኡፓቻያን»ና «ኦክሲካራን»፣ በመምህሩ አንደበት «ኦክሲዴሽን»። በእንግሊዝኛ የሚፈተነው ጓደኛው ግን አንዱን ብቻ ይዞ ይገባል። የሀገር ቋንቋ ቃላት የተዘጋጁት ይህንን ልጅ ሸክም ለማቃለል ሆኖ ሳለ፣ ሸክሙን በሦስት ማብዛታቸው ከሁሉ የሚያሳዝን ነው። ጥፋቱ የሳንስክሪት አይደለም፤ የተማሪውም አይደለም። ጥፋቱ ቃል አውጪው፣ መጽሐፍ ጸሐፊው፣ መምህሩና ፈታኙ በአንድ ዝርዝር አለመታሰራቸው ነው።

በእኛ አስተያየት አንድ መሥሪያ ቤት በሀገር ቋንቋ ለመፈተን ከተስማማ፣ ለዚያ ቋንቋ ቃል ሙሉ ኃላፊነት መውሰድ ይኖርበታል። ትርጕሙ ተሳስቶ ከተገኘ የሚከፍለው ተርጓሚው እንጂ ትርጕሙን አምኖ ያነበበው ተማሪ ሊሆን አይገባውም። ሥልጣን የሌለው ቃል፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ የእንግድነት ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ይቀራል።

6. ወደ ራሳችን ሥራ

ከዚህ ምርመራ ለአማርኛ ቃላት አዘጋጆች የሚተርፈውን በሦስት ነጥብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ተቃራኒ ጽንሰ ሐሳቦችን በጥቂት ድምፅ መለየት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። እኛም የሚሟሟውን «ሟሚ»፣ የሚያሟሟውን «አሟሚ» እንላለን፤ ልዩነቱ አንዲት «አ» ናት። ነገር ግን ይህች «አ» በአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ አፍ ውስጥ በሕይወት ያለች ናት፤ ገባና አገባ፣ ወጣና አወጣ የሚል ሕፃን ሥራዋን ያውቃል። «ኡፓ»ና «አፓ» ግን በሂንዲ ተናጋሪ ዘንድ በተማሩ ቃላት ውስጥ ብቻ የሚገኙ የሳንስክሪት ቅርሶች ናቸው። እንግዲህ የሚጠየቀው የልዩነቱ መጠን ሳይሆን፣ ተናጋሪው ልዩነቱን በራሱ ሰዋስው የሚሰማው መሆኑ ነው። ከግእዝ ቅጥያ ስንወስድም ይህንኑ ጥያቄ ማቅረብ ይገባናል። አሉታዊውን «ኢ» ከካርቦን ስም ጋር አጋጥሞ ለኢንኦርጋኒክ ስም ለማውጣት የሚከጅል ቢኖር፣ የ«አካርባኒክ»ን ነገር እንዲያስታውስ እናሳስባለን።

ሁለተኛ፣ «ጨው» በአማርኛ የማእድ ቤቱንም የቤተ ሙከራውንም ሥራ ይሠራል። ሂንዲ በሁለት ቃል የፈታውን እኛ በአንድ ቃል አስረን ይዘነዋል። ቃሉን መለወጥ አስፈላጊ ነው አንልም፤ ነገር ግን መጽሐፍ ጸሐፊው በመጀመሪያው ገጽ ላይ የትኛውን ጨው እንደሚናገር ሳይገልጽ እንዳያልፍ እንጠይቃለን።

ሦስተኛውና ዋነኛው የሥልጣን ጉዳይ ነው። አጸፋና ግብር አብረው የሚሰሙበት «አጸግብሮት» የተባለው ቃል፣ በቅርጹም በትርጕሙም ጥሩ ቃል ነው ብለን እናምናለን። ይሁንና በአማርኛ የሚሰጠው የሳይንስ ትምህርት ከመጀመሪያ ደረጃ አያልፍም፤ በሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ይተካል፣ የመልቀቂያውም ፈተና በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ስለዚህ ልጁ «አጸግብሮት»ን ገና ሲለማመደው ይለየዋል፤ ቃሉም የሚጠይቀው ፈታኝ አያገኝም። ሂንዲ ቃሎቿን እስከ ፈተናው አዳራሽ አድርሳ ከወንበሩ ላይ ሳታስቀምጥ ቀረች፤ እኛ ደግሞ ከአዳራሹ በር ሳንደርስ በመንገድ ላይ እንተዋቸዋለን።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የሚያውቅ አንባቢ፣ የጎደለን የቃል ብዛት አለመሆኑን ይመሰክራል። የጎደለን ቃሉን አንብቦ የሚመልስና በመልሱ የሚመዘን ተማሪ ነው። እንዲህ ዓይነት ተማሪ እስኪገኝ ድረስ የቃላት አዘጋጁ ተግባር እያንዳንዱን ስያሜ ከማጽደቁ በፊት ራሱን በዚያ ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጦ ማንበብ ነው፦ ጊዜው አጭር፣ ወረቀቱ ባለ ሁለት ቋንቋ፣ የስሕተቱም ዋጋ 5 ነጥብ እንደ ሆነ አስቦ። በዚያ ወንበር ላይ ያላምታታው ቃል ይጽደቅ፤ ያምታታው ግን፣ ሥሩ የቱን ያህል ጥንታዊ ቢሆን፣ ወደ ጠረጴዛው ይመለስ።